የ70 አጓጓዦች ሒሳብ፦ ዋልማርት ካናዳ የጭነት ክፍያ ክርክርን በስማርት ኮንትራት የቀነሰበት መንገድ

ዋልማርት ካናዳ በአገሪቱ ውስጥ ለሚገኙ ከ400 በላይ መደብሮቹ በዓመት ከ500,000 በላይ ጭነት ያጓጉዛል። በዚህ ሥራ የራሱ ያልሆኑ 70 ያህል የትራንስፖርት ኩባንያዎች ይሳተፋሉ። ቀደም ሲል ኩባንያዎቹ ከሚልኩት ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ) እስከ 70 በመቶ የሚደርሰው ክርክር ይነሣበት ነበር። ዛሬ የጉዳዩ ማሳያ ሆኖ የሚጠቀሰው ዲኤል ፍሬይት የተባለው ሥርዓት ከገባ በኋላ ግን ልዩነት የታየበት ኢንቮይስ ከ1 በመቶ በታች ወረደ። ሥርዓቱን የሠራው የካናዳው ዲኤልቲ ላብስ ነው፤ የቆመውም ሃይፐርሌጀር ፋብሪክ በተባለው የብሎክቼይን መሠረት ላይ ነው፤ ብሎክቼይን ማለት ብዙ ወገኖች ቅጂውን የሚይዙት፣ ማንም በስውር ሊቀይረው የማይችል የጋራ መዝገብ ነው።

ይህን ቁጥር የሚሰማ ነጋዴ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ብሎክቼይኑን ከየት ልግዛ?” ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ግን ከ70 ወደ 1 በመቶ ለመውረድ ምን እንደተሠራ ማየት ይሻላል። ከባዱ ሥራ ያለው ኮዱ ከመጻፉ በፊት ነው፤ ሁለት ወገኖች ሒሳቡ በምን ደንብ እንደሚሠራ እስከ ደቂቃና ሳንቲም ድረስ መስማማታቸው።

ክርክሩ ከየት ይመጣ ነበር

የጭነት ሒሳብ ከሩቅ ሲያዩት ኪሎ ሜትርን በታሪፍ ማባዛት ይመስላል። በዋልማርት ካናዳ ግን አንድ ኢንቮይስ 200 ገደማ የመረጃ ነጥቦችን ይይዛል፦ መኪናው የቆመባቸው ቦታዎች፣ የነዳጅ መጠን፣ ለሚቀዘቅዝ ዕቃ በየጊዜው የሚመዘገብ ሙቀት፣ ሌላም ሌላም። መረጃው በከፋዩና በአጓጓዡ ሲስተሞች ተበታትኖ ይቀመጣል፤ ሲስተሞቹ ደግሞ እርስ በርስ አይነጋገሩም። ጭነቱ ተራግፎ ኢንቮይሱ ሲመጣ ሁለቱም የየራሳቸውን መዝገብ ይዘው ይቀርባሉ። ከዚያ ኢሜይል፣ ስልክ፣ ኤክሴል፣ የዘገየ ክፍያ።

ልዩነቱ እንዴት እንደሚፈጠር በአንድ ጭነት እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። መኪናው 480 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ታሪፉ በኪሎ ሜትር 2.10 ዶላር ስለሆነ መነሻ ሒሳቡ 1,008 ዶላር ነው። በመንገድ ላይ ሁለት ተጨማሪ ማራገፊያዎች አሉ፤ ለእያንዳንዱ 75 ዶላር ይከፈላል። የነዳጅ ጭማሪው 18 በመቶ ነው። ማራገፊያ ላይ የመጀመሪያው 2 ሰዓት ነጻ ሆኖ ከዚያ በኋላ ለየ15 ደቂቃው 18 ዶላር ይታሰባል። መኪናው 3 ሰዓት ከ20 ቆመ፤ ማለት 80 ደቂቃ የሚከፈልበት ጥበቃ አለ። አጓጓዡ የነዳጅ ጭማሪውን በማራገፊያዎቹ ክፍያ ላይም ያሰላዋል፤ 80 ደቂቃውን ወደ ላይ አጠጋግቶ 6 ሩብ ሰዓት ያደርገዋል። ድምሩ 1,474.44 ዶላር ሆነ። ከፋዩ ጭማሪውን በመነሻ ሒሳቡ ላይ ብቻ ያስባል፤ ደቂቃውን ወደ ታች አጠጋግቶ 5 ሩብ ሰዓት ይለዋል። የእሱ ድምር 1,429.44 ነው። በመካከሉ 45 ዶላር አለ። ማንም አልዋሸም፤ ውሉ ዝም ባለበት ቦታ ሁሉ እያንዳንዱ ለራሱ በሚመቸው መንገድ ተረጎመው እንጂ።

ሰዓቱ ራሱም አከራካሪ ነው። ካናዳ ስድስት የሰዓት ቀጠናዎች አሏት፤ የኒውፋውንድላንድ ሰዓት ከጎረቤቱ በግማሽ ሰዓት ይለያል፤ አብዛኛው የሳስካችዋን ክፍል ደግሞ በበጋና በክረምት ሰዓቱን አይቀይርም። መኪናው “ደረሰ” የሚባለውስ መቼ ነው? የግቢውን በር ሲያልፍ፣ መድረኩ ላይ ሲጠጋ፣ ወይስ ጂፒኤሱ በካርታ ላይ የተሠመረውን ክልል ሲረግጥ? በሰሜን አሜሪካ ከባድ መኪና የሚነዱ ሐበሾች “ዲቴንሽን” የሚሉት የጥበቃ ጊዜ ክፍያ ላይ የሚነሣው ጭቅጭቅ አብዛኛው የሚወለደው እዚህ ጋ ነው።

ምን ተሠራ

ዋልማርት ካናዳ በመጀመሪያ ሥርዓቱን የሞከረው ዋና መሥሪያ ቤቱ ዊኒፔግ ከሆነው ከባይሰን ትራንስፖርት ጋር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019። ሙከራው ከተሳካ በኋላ ለቀሩት አጓጓዦች ተዘረጋና በ2021 ሁሉም ገቡበት። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፤ መጀመሪያ አንድ ፈቃደኛና ትልቅ አጋር፣ ከዚያ ሌሎቹ።

የንድፉ ዋና ሐሳብ ኢንቮይስን ከጉዞ በኋላ የሚላክ ወረቀት ከመሆን ማውጣት ነው። ጭነቱ ለአጓጓዡ ከቀረበበት ሰዓት ጀምሮ እስከ ርክክቡ ማረጋገጫና እስከ ክፍያው መጽደቅ ድረስ የሚፈጠረው መረጃ ሁሉ እየተከሰተ ወደ ጋራው መዝገብ ይገባል። መረጃው ከየኩባንያው ነባር ሲስተምና መኪናዎቹ ላይ ካሉት ጂፒኤስና ዳሳሾች ይመጣል። ስማርት ኮንትራቱ፣ ማለትም የተስማሙበት ደንብ የተጻፈበት ኮድ፣ በእያንዳንዱ ክስተት ላይ ደንቡን ያሠራና ሒሳቡን ያድሳል። መኪናው ማራገፊያ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲቆም የጥበቃው ክፍያ ወዲያው ይታያል፤ ተቃውሞ ያለው ወገን የሚናገረው ሹፌሩም መጋዘን ጠባቂውም ነገሩን ባልረሱበት ቀን ነው። ክርክሩ የቀነሰበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ይመስለናል።

ማንም ሊገባበት የሚችለው ሕዝባዊ ብሎክቼይን፣ ኢቴሪየም፣ ለምን አልተመረጠም? 500,000 ጭነት በ200 የመረጃ ነጥብ ሲባዛ በዓመት 100 ሚሊዮን ይሆናል፤ በአማካይ በሰከንድ ከ3 በላይ፣ በሥራ ሰዓት ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ። በዚያን ጊዜ የኢቴሪየም ዋና ሰንሰለት በሰከንድ የሚያስተናግደው 15 ገደማ ግብይት ነበር፤ እሱንም ለዓለም ሁሉ ተካፍሎ፣ ለእያንዳንዱም ዋጋው የሚዋዥቅ ክፍያ እያስከፈለ። ከዚህም በላይ ታሪፍ የንግድ ምስጢር ነው። ሰባው አጓጓዦች እርስ በርሳቸው ተፎካካሪዎች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ዋጋ ካየ ሥርዓቱ በማግስቱ ይፈርሳል። ፋብሪክ ተሳታፊው ሁሉ በሰርተፍኬት የሚታወቅበት ዝግ አውታር ነው፤ የራሱ ሳንቲምም የለውም። ክሪፕቶ የሚባለው ነገር እዚህ ጉዳይ ውስጥ አይገባም።

በፋብሪክ ውስጥ አንድ ግብይት እንዴት ይሄዳል

ከዚህ በታች ያለው እንዲህ ያለ የሒሳብ ሥርዓት በፋብሪክ ላይ የሚሠራ ማንኛውም ቡድን የሚያልፍበት መንገድ ነው። የአጓጓዡ ሲስተም “መኪና 14፡05 ላይ መድረክ ደረሰ” የሚል ጥያቄ ያዘጋጃል። ጥያቄው የሁለቱም ወገን ፒር ወደሚባሉት ሰርቨሮች ይላካል። እያንዳንዱ ፒር ስማርት ኮንትራቱን፣ በፋብሪክ አጠራር ቻይንኮዱን፣ ለብቻው አሠርቶ ውጤቱን በፊርማው ይመልሳል። ውጤቶቹ አንድ ከሆኑ ግብይቱ ወደ ኦርደረሩ ያልፋል፤ ኦርደረሩ ግብይቶችን በተራ አስይዞ ብሎክ ይሠራል። በመጨረሻም ሁሉም ፒሮች ፊርማዎቹን መርምረው ወደ መዝገባቸው ያስገባሉ።

ለንግዱ ወሳኙ ክፍል የማጽደቂያ ደንቡ ነው፤ የማን የማን ፊርማ ካልተሟላ ግብይቱ ውድቅ ይሁን የሚለው። ለጂፒኤስ ክስተት የአንድ ወገን ፊርማ ይበቃ ይሆናል። ለመጨረሻው ሒሳብ ግን የከፋዩም የአጓጓዡም ፒር መፈረም አለበት። የኮዱ ለውጥም እንዲሁ ነው። በጃንዋሪ 2020 ከወጣው የፋብሪክ 2.0 ስሪት ጀምሮ አዲስ ቻይንኮድ ሥራ ላይ የሚውለው ድርጅቶቹ በደንቡ መሠረት ሲያጸድቁት ብቻ ነው፤ በነባሪው ቅንብር አብላጫው ይጠየቃል። ከፋዩ ማታ ተነሥቶ የማጠጋጊያውን ደንብ ብቻውን መቀየር አይችልም ማለት ነው።

ታሪፍን ከተፎካካሪ ለመደበቅ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ለእያንዳንዱ አጓጓዥ የተለየ ቻናል፣ ማለትም ራሱን የቻለ መዝገብ፣ መክፈት ነው፤ ጥበቃው ጠንካራ ነው፣ ግን 70 ቻናል ማለት ኮድ በታደሰ ቁጥር 70 ጊዜ ማጽደቅ ማለት ነው። ሁለተኛው አንድ ቻናል ይዞ ዋጋውን በግል የመረጃ ክምችት ማስቀመጥ ነው፤ ዋጋው በሚመለከታቸው ፒሮች ብቻ ይቀመጣል፣ በጋራው መዝገብ ላይ የሚጻፈው ሃሹ (ከመረጃው የሚሰላ፣ እንደ አሻራ ያለ ኮድ) ብቻ ነው። በሁለተኛው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። 2.10 የመሰለ አጭር ቁጥር ሃሹ ብቻ ቢታይም በግምት ይገኛል፤ ከ1.00 እስከ 5.00 ያሉትን 401 ዋጋዎች ሃሽ አድርጎ ማወዳደር ለኮምፒውተር የቅጽበት ሥራ ነው። ስለዚህ ከዋጋው ጋር በዘፈቀደ የተፈጠረ ረጅም ቁጥር አብሮ መግባት አለበት።

የሚበላሸው የት ነው

በብዛት የሚታየው ብልሽት ፒሮች የተለያየ ውጤት መስጠታቸው ነው። ቻይንኮዱ የሳምንቱን የነዳጅ ዋጋ ከድረ ገጽ በቀጥታ ከጠየቀ፣ አንዱ ፒር የድሮውን ሌላው አዲሱን ሊያገኝ ይችላል፤ ውጤቱ አይገጥምም፣ ግብይቱም ይወድቃል። መፍትሔው ኮዱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ መከልከልና የነዳጁን ዋጋ ሥልጣን የተሰጠው አካል በየሳምንቱ ራሱን የቻለ ግብይት አድርጎ እንዲያስገባው ማድረግ ነው። የሰርቨሩን ሰዓት ማንበብም ያው ችግር አለው። ጎ በተባለው ቋንቋ የሚጽፉ ፕሮግራመሮች ደግሞ ማፕ (ዋጋዎችን በቁልፍ የሚይዝ ሰንጠረዥ) ውስጥ ያለውን ዝርዝር አንድ በአንድ ሲያነቡ ቅደም ተከተሉ በየጊዜው እንደሚለዋወጥ ይረሳሉ፤ ቁልፎቹን መጀመሪያ መደርደር ያስፈልጋል። ገንዘብ በነጥብ ቁጥር አይያዝም፤ 1,474.44 ዶላር በመዝገቡ ላይ 147444 ሳንቲም ሆኖ በሙሉ ቁጥር ይቀመጣል፣ የማጠጋጊያው ደንብም በውሉ ውስጥ ይጻፋል።

ሁለተኛው የቁልፍ ግጭት ነው፤ ቁልፍ እዚህ መረጃው በመዝገቡ ላይ የሚቀመጥበት መለያ ስም ነው። የጭነቱ መረጃ ሁሉ በአንድ ቁልፍ ሥር ከተቀመጠ የሙቀቱ ንባብና የጂፒኤሱ ንባብ እኩል ሲመጡ ሁለቱም አንዱን መዝገብ አንብበው ሁለቱም ሊጽፉበት ይሞክራሉ። ፋብሪክ የመጀመሪያውን ተቀብሎ ሌላውን ይጥለዋል። በሙከራ ጊዜ በአንድ መኪና ሲታይ ሁሉም ሰላም ነው፤ ብዙ መኪና ሲገባ ግን ግብይቶች ያለ ምክንያት የሚወድቁ ይመስላሉ። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ክስተት የራሱን ቁልፍ መስጠት ነው፦ የጭነት ቁጥር፣ የክስተት ዓይነት፣ ተራ ቁጥር። ድምሩ የሚሠራው በኋላ፣ ክስተቶቹ ተሰብስበው ነው። የሙቀቱን ንባብ እያንዳንዱን ወደ ሰንሰለቱ መላክም ብክነት ነው፤ የጉዞውን ሙሉ ንባብ በተራ ዳታቤዝ አስቀምጦ ሃሹንና ከተፈቀደው ወሰን ያለፉትን ንባቦች ብቻ ማስገባት ይበቃል።

ሦስተኛው በመግቢያው በር ላይ ያለ ስህተት ነው። ብሎክቼይን የገባውን መረጃ ማንም በስውር እንዳይቀይረው ይጠብቃል፤ የገባው እውነት መሆኑን አያውቅም። የተበላሸ የሙቀት ዳሳሽ ውሸቱን በሁለት ፊርማ አጽድቆ ለዘላለም ያስቀምጣል። ስለዚህ ወሳኝ ለሆነ ነጥብ ሁለት ምንጭ ይፈለጋል፦ የመድረሻ ሰዓት ከጂፒኤስና ከግቢው በር መዝገብ። ልዩነታቸው ከተስማሙበት ወሰን፣ ለምሳሌ ከ10 ደቂቃ ካነሰ የአንዱ ይወሰዳል፤ ካለፈ ጭነቱ ቀይ ምልክት አግኝቶ ወደ ሰው ይሄዳል። ያለ መቻቻያ ወሰን የተጻፈ ደንብ ክርክርን ከመቀነስ ይልቅ ያበዛል፤ በሰከንድ ልዩነት ሁሉ ማንቂያ ይጮኻልና።

ስህተት ሲገኝ ማረሚያው ምን ይሁን? መዝገቡ ስለማይፋቅ የድሮው የሒሳብ ሠራተኛ ልማድ እዚህ ይሠራል፤ የተሳሳተውን በተቃራኒ ግብይት መሰረዝና ትክክለኛውን እንደገና ማስገባት፣ ምክንያቱንም መጻፍ። ይህን የሚፈቅዱት ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ይሁኑ። የሹፌር ስም፣ ስልክ ወይም የፊርማ ፎቶ ግን ፈጽሞ ወደ ሰንሰለቱ መግባት የለበትም። የግል መረጃ ሕግ እንዲጠፋ ሲያዝ ማጥፋት አይቻልምና፤ ሰነዱ ከውጭ፣ ሃሹ ከውስጥ።

ይህን መንገድ መከተል የሚፈልግ ድርጅት ከየት ይጀምር

ያለፉትን ሦስት ወራት የተከራከሩባቸውን ኢንቮይሶች ማውጣትና በምክንያት መደርደር የመጀመሪያው ሥራ ነው። ይህ ለአንድ ሒሳብ ሠራተኛ ጥቂት ሳምንት የሚፈጅ ነው፤ ብሎክቼይንም አይፈልግም። ክርክሩ ሁሉ ከነዳጅ ጭማሪ የሚመጣ ከሆነ ውሉን በአንድ ገጽ ማብራራት ይበቃ ይሆናል። ምክንያቶቹ ብዙ ከሆኑና መነሻቸው የተለያየ መዝገብ መያዝ ከሆነ ቀጣዩ ሥራ የመረጃ ነጥቦቹን አንድ በአንድ መዘርዘር ነው፦ ስሙ፣ መለኪያው፣ ምንጩ፣ በየስንት ጊዜ እንደሚመጣ፣ ቢጠፋ ምን እንደሚተካው። ሊትር ነው ወይስ ጋሎን? የአሜሪካ ጋሎን 3.785 ሊትር ነው፣ የእንግሊዙ 4.546። ሰዓት ሁሉ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ይያዝ፣ ወደ አካባቢ ሰዓት የሚቀየረው በስክሪን ላይ ብቻ።

ከዚያ ደንቦቹ ኮድ ከመሆናቸው በፊት በድሮ ጭነቶች ላይ በኤክሴል ይፈተኑ። ሁለቱም ወገን 100 አሮጌ ጭነት አስልተው እስከ ሳንቲም ካልገጠሙ ፕሮግራመር መቅጠሩ ጊዜው አልደረሰም። ኮዱ ሲያልቅም የድሮው አሠራር አይቆም፤ ቢያንስ አንድ የሒሳብ መዝጊያ ወር ሁለቱ ጎን ለጎን ይሂዱ፣ የሚከፈለው በድሮው ይሁን፣ ልዩነቱ በየቀኑ ይመዝገብ።

ትንንሾቹ አጓጓዦች የተለየ ሐሳብ ይፈልጋሉ። አምስት መኪና ያለው ድርጅት ሰርቨር አቁሞ ሰርተፍኬት የሚያድስ ባለሙያ አይቀጥርም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው የሶፍትዌር አቅራቢው ፒሩን እሱን ወክሎ ማስቀመጡ ነው። ሥራው ይቀላል፤ ነገር ግን የሁሉም ፒር በአንድ አቅራቢ እጅ ከገባ፣ በቴክኒክ ብሎክቼይን ቢባልም የሚታመነው አቅራቢው ነው። ይህን የሚያለዝበው የፊርማው ቁልፍ ከአጓጓዡ እጅ እንዳይወጣና የመዝገቡን ሙሉ ቅጂ በፈለገ ጊዜ እንዲያወርድ በውል ማስቀመጥ ነው።

ታዲያ ተራ ዳታቤዝ አይበቃም ነበር ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። በአንድ ድርጅት ውስጥ ላለ ሥራ ዳታቤዝ ይበልጣል፤ ይረክሳል፣ ይፈጥናል፣ ባለሙያውም በየቦታው አለ። ሁለትና ሦስት አጋር ብቻ ያለው ድርጅትም ብዙ አያተርፍም። እዚህ ግን ከፋዩ ራሱ የሚያስተዳድረው ዳታቤዝ ቢሆን አጓጓዡ ከመዝገቡ ጎን የራሱን ሌላ መዝገብ መያዙን አይተውም ነበር፤ ከዚያም ወደ ሁለት መዝገብና ወደ ክርክሩ መመለስ ነው። አንድ ሌላ እውነት ደግሞ አለ። ዋልማርት ትልቅ ገዢ ነው፤ “በዚህ እንሥራ” ሲል የሚሰማው አለ። ያ ጉልበት የሌለው ድርጅት ይህን ውጤት በዚህ ፍጥነት መጠበቅ የለበትም።

ሌሎች የወደቁበት

የመርከብ ድርጅቱ የማርስክና የቴክኖሎጂ ኩባንያው የአይቢኤም የብሎክቼይን መድረክ ትሬድሌንስ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲጀመር ዓላማው የዓለምን የኮንቴይነር ሰነድ ሁሉ በአንድ መድረክ ማምጣት ነበር። ኤምኤስሲና ሲኤምኤ ሲጂኤም የመሰሉ የማርስክ ተፎካካሪ የመርከብ ድርጅቶች ገብተውበት እንኳ በኖቬምበር 2022 እንደሚዘጋ ተነገረ፤ የተሰጠው ምክንያት የመላው ኢንዱስትሪ ትብብር አለመገኘቱ ነበር። በዚያው ወር የአውስትራሊያ የአክሲዮን ገበያ ኤኤስኤክስ ቼስ የተባለውን የማስፈጸሚያ ሲስተም በብሎክቼይን መሰል ቴክኖሎጂ ለመተካት ከ2017 ጀምሮ የያዘውን ፕሮጀክት አቆመና ከ245 እስከ 255 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ከመዝገቡ ሰረዘ። አንደኛው ተፎካካሪዎችን በተፎካካሪያቸው መድረክ ላይ ሊያሰባስብ ሞከረ፤ ሌላው የአገር ገበያ የሚቆምበትን ሲስተም በሙሉ ሊተካ ተነሣ። ዋልማርት ካናዳ የነካው አንድ ሥራ ነው፣ የጭነት ክፍያ፤ የየኩባንያው ነባር ሲስተምም በቦታው ቀረ።

የትሬድሌንስ መዘጋት በማንኛውም እንዲህ ያለ ውል ውስጥ መግባት ያለበትን አንቀጽ ያሳያል። ደንበኞቹ መዝጊያው በይፋ ከተነገረበት ቀን አንሥቶ የነበራቸው ጊዜ እስከ 2023 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት መጨረሻ ድረስ ነበር፤ አራት ወር ገደማ። የጭነት ሒሳብ ሰነድ ግን ለግብር ምርመራ ለዓመታት መቆየት አለበት። ስለዚህ ውሉ አቅራቢው ቢዘጋ መዝገቡ ያለ እሱ ሶፍትዌር በሚነበብ ፎርማት በስንት ቀን እንደሚሰጥ፣ ሃሾቹን ከሰነዶቹ ጋር የሚያመሳክረው መሣሪያ ለማን እንደሚቀር፣ ያልተዘጉ ጭነቶች በየትኛው አሠራር እንደሚከፈሉ ከመጀመሪያው ቀን መናገር አለበት።